ፌሩቾ ላምቦርጊኒ፦ የትራክተሩና የፍሪሲዮኑ ሰው

ያገለገለ የጣሊያን ስፖርት መኪና የሚገዛበት ገንዘብ ያገኘ ሰው መጀመሪያ የትኛውን ይግዛ? አልፋ ሮሜዮ? ላንቻ? ማዜራቲ? ፌራሪ? ወይስ ላምቦርጊኒ? ይህ ጥያቄ በእኛ ዶርም ስንት ሌሊት እንዳስመሸን የሚያውቅ ያውቀዋል። መቼስ ኪስ ባዶ ሲሆን ምርጫ ይሰፋል። ከስድስታችን መንጃ ፈቃድ ያለው አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ እሱም ያወጣው ለባጃጅ ነው። በዚያ ላይ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገራችን እንዳይገባ ተከለከለ፤ ስለዚህ ክርክራችን ከወሬ የሚያልፍ አልነበረም። ቢሆንም ለቡለቲናችን የሚሆን ጽሑፍ ሳስብ ቀድሞ የመጣልኝ ይኸው ጥያቄ ሆነ።

ጥያቄውን እኔ አልመልሰውም። በራሱ ገንዘብ የመለሰው ሰው ስላለ የእሱን ሕይወት ባወራ ይሻላል። ይህ ሰው አልፋውንም ላንቻውንም ማዜራቲውንም ፌራሪውንም በየተራ ገዝቶ ነድቷል። አንዱም አልተስማማውም። መጨረሻ ላይ የራሱን ሠራ። ስሙን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ መኪናው ከባለቤቱ በልጦ ስለታወቀ ግን ሰውየውን ብዙ ሰው አያውቀውም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ፌሩቾ ላምቦርጊኒ የተወለደው ኤፕሪል 28 ቀን 1916 በሰሜን ጣሊያን፣ በኤሚሊያ ሮማኛ ክፍለ ሀገር፣ በቼንቶ ከተማ አቅራቢያ በምትገኝ ሬናዞ በምትባል መንደር ነው። ወላጆቹ ወይን የሚያለሙ ገበሬዎች ነበሩ። ኮከቡ ሠውር ነው፤ ዛሬ በመኪናው አፍንጫ ላይ የምናየው ኮርማ ከዚያ የመጣ ነው። ስለ ስም ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ፌሩቾ የሚለው ስም ከብረት የመጣ ነው፤ እኛ ቤት ስንሠራ ፌሮ የምንለው ያው ብረት። የተፎካካሪው የኤንዞ ፌራሪ የቤተሰብ ስም ደግሞ በቀጥታ ቢተረጎም ቀጥቃጮች እንደ ማለት ነው። ሁለቱም በስማቸው ብረት ነበሩ፤ እንግዲህ ብረት ከብረት ሲጋጭ የሚሆነውን ወደ ኋላ ታያላችሁ።

ልጁ ከእርሻው ይልቅ የእርሻው መሣሪያ ይስበው ነበርና ቦሎኛ አካባቢ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብቶ መካኒክነት ተማረ። በ1940 ጣሊያን ጦርነት ስትገባ በአየር ኃይሉ ተመልምሎ ሮድስ ወደምትባለው የሜዲትራንያን ደሴት ተላከ። እዚያ ያገኘው ሥራ አውሮፕላን ማብረር ሳይሆን የጦሩን ተሽከርካሪዎች መጠገን ነው፤ እያደር የጥገናው ክፍል ኃላፊ ሆነ። ደሴት ላይ፣ በጦርነት መካከል፣ መለዋወጫ ከየት ይመጣል? የሌለውን ካለው መሥራት ነው። የእኛን አገር ጋራዥ ያየ ሰው ይህ ምን ዓይነት ትምህርት ቤት እንደሆነ አይጠፋውም። ጦርነቱ ሲያልቅ ደሴቲቱ በእንግሊዞች እጅ ወደቀች፣ እሱም ምርኮኛ ሆነ፤ አገሩ የገባው በ1946 ነው።

ከተመለሰ በኋላ ያለው ጊዜ ደስታም ሐዘንም ነው። ሚስት አገባ፤ በ1947 ሚስቱ ወንድ ልጅ ስትወልድ በወሊድ ሞተች። ስለ መኪና የሚጽፉ ሰዎች ይህን በአንድ መስመር ያልፉታል። እኔም ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ ግን የ31 ዓመት ሰው፣ አራስ ሕፃን ታቅፎ፣ ጦርነት ባደቀቀው አገር ትንሽ ጋራዥ ይዞ መቅረቱን ልብ በሉልኝ። ከዚህ በኋላ የሠራውን ሁሉ የሠራው ከዚያ ተነሥቶ ነው።

ገበሬዎቹ የሚያርሱበት ትራክተር አልነበራቸውም፤ ቢኖርም ዋጋው አይቀመስም። በሌላ በኩል ጦሩ ጥሎት የሄደው ተሽከርካሪ በየቦታው ተከምሯል። ፌሩቾ ከእነዚህ ትርፍራፊዎች ሞተሩን ከአንዱ፣ ዲፈረንሻሉን ከሌላው እያወጣ ትራክተር ገጣጠመ። ቤንዚን ውድ ስለነበር ሞተሩ በቤንዚን ተነሥቶ ከሞቀ በኋላ በርካሽ ነዳጅ እንዲሠራ የሚያደርግ መሣሪያ ሠራለት። ይህን ካሪዮካ ያለውን ትራክተር በ1948 በቼንቶ የደብሩ ዓመታዊ በዓል ቀን አደባባይ ላይ አውጥቶ ለገበሬው አሳየ። ማስታወቂያ ማለት እንዲህ ነው፤ ገበሬው ሁሉ በሚወጣበት ቀን፣ ገበሬው በሚወጣበት ቦታ። የላምቦርጊኒ ትራክተር ፋብሪካ የተወለደው በዚያው ዓመት ነው።

በዚያው ዓመት አንድ ሌላ ነገርም ሞከረ። እናቶቻችንና አባቶቻችን የሚያውቋት ቶፖሊኖ የምትባል ትንሽ ፊያት አለች። የእሷን ሞተር ወደ 750 ሲሲ አስፍቶ ሚሌ ሚሊያ በተባለው አገር አቋራጭ እሽቅድምድም ላይ ገባ። 1,100 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳ በኋላ ፊያኖ በምትባል ቦታ ከመንገድ ወጥቶ መኪናውን ይዞ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ገባ። በእግሩ ሳይሆን በግድግዳው በኩል ማለቴ ነው። ከዚያ ወዲያ እሽቅድምድም የሚባል ነገር አልፈለገም፤ በኋላ የራሱን የመኪና ፋብሪካ ሲከፍት እንኳ መኪናዎቹ እንዳይወዳደሩ ከልክሏል። ፌራሪ እሽቅድምድሙን ለመደጎም መኪና ይሸጥ ነበር፤ ላምቦርጊኒ ግን መኪናው ራሱ መኪና እንዲሆን ነው የፈለገው። ለኔ የሁለቱ ሰዎች ትልቁ ልዩነት ይኸ ነው።

ሃምሳዎቹ ዓመታት የብልጽግና ሆኑለት። ትራክተሩ ተሸጠ፣ ተሸጠ፣ ተሸጠ። ቀጥሎ የቤት ማሞቂያ ማቃጠያና የአየር ማቀዝቀዣ ፋብሪካ ጨመረ። ገንዘብ ሲመጣ መኪና መጣ።

እንግዲህ ወደ ዶርማችን ጥያቄ ደረስን። መጀመሪያ የገዛቸው አልፋ ሮሜዮና ላንቻ ናቸው። በዚያ ዘመን ከነበሩት ላንቻዎች አውሬሊያ ቢ20 የምትባለዋ በ1951 የወጣች ስትሆን፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ቪ ሞተር ያላት፣ ካምቢዮዋም ክብደት ለማመጣጠን ከኋላ የተቀመጠ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ዝም ብላ የምትሄድ አዋቂ መኪና እሷ ነች፤ ጓደኞቼ ግን መልኳ አክስት ይመስላል ብለው ይስቁብኛል። ፌሩቾ ከዚያ የጀርመኑን መርሴዲስ 300 ኤስኤል እና የእንግሊዙን ጃጓር ኢ ታይፕ ጭምር ገዝቷል። ከጣሊያኖቹ ማዜራቲ 3500 ጂቲን ሞከረ፤ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 3.5 ሊትር፣ የጨዋ ሰው መኪና። የማዜራቲን ባለቤት ያከብር ነበር፤ መኪናውን ግን ከባድና ቀርፋፋ ሆኖ አገኘው። በ1958 ማራኔሎ ሄዶ ፌራሪ 250 ጂቲ ገዛ፤ በኋላም ሌሎች ጨመረ። ባለ 12 ሲሊንደሩን ሞተር ወደደው። የቀረውን ነገር አልወደደውም፦ ጩኸቱ፣ የውስጡ ሥራ ለብ ለብ መሆኑ፣ የውድድር መኪና ሰው ሊቀመጥበት በግድ የተዘጋጀ መምሰሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፍሪሲዮኑ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። የዚህ ሰውዬ ታሪክ ዋና ቃል በጣሊያንኛም በእኛም ጋራዥ አንድ ነው። ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ፍሬን፣ ጎማ፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ኮፈን፣ ፓራፋንጎ፣ ቸርኬ፣ ፍሬቻ። ጣሊያኖቹ መንገድና የጭነት መኪና ይዘው ሲመጡ ቃሉም አብሮ መጣ፤ እነሱ ሲወጡ ቃሉ ቀረ። ስለዚህ ፌሩቾ ከፌራሪ ጋር የተጣላበትን ነገር ለእንግሊዝኛ አንባቢ ከማስረዳት ለመርካቶ መካኒክ ማስረዳት ይቀላል። ፍሪሲዮን ማለት ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኝና የሚያለያይ ዲስክ ነው። ሲበላ መንሸራተት ይጀምራል፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው አይሄድም።

የሚነገረው ታሪክ እንዲህ ነው። የፌሩቾ ፌራሪ ፍሪሲዮን እየተበላ ደጋግሞ ማራኔሎ ይመለሳል። እዚያ መኪናውን ወስደው ለሰዓታት ያቆዩታል፤ ሥራውን ቆሞ እንዲያይ እንኳ አይፈቅዱለትም። በመጨረሻ በራሱ ፋብሪካ ያስፈታዋል፤ ሲያዩት ከትራክተሩ ፍሪሲዮን ብዙም የማይለይ ነው። የትራክተሩን ዓይነት ጠንካራውን ሲያስገባበት ችግሩ ቀረ። ከዚያ ይህንን ለኤንዞ ፌራሪ ሊነግር ሄደ። ኤንዞም፣ ትራክተር መንዳት ታውቅ ይሆናል እንጂ ፌራሪ መንዳት አታውቅም በሚል መንፈስ አባረረው። ፌሩቾ ተቆጥቶ ወጣ፣ የራሱንም መኪና ሊሠራ ማለ።

ቆንጆ ታሪክ ነው። በጣም ቆንጆ መሆኑ ነው እኔን የጠረጠረኝ። በአንደኛ ዓመት የዜና አዘጋገብ ትምህርት ላይ የተማርነው የመጀመሪያ ነገር ምንጭህ ማነው የሚል ነው። የዚህ ታሪክ ዋና ምንጭ ራሱ ፌሩቾ ነው፤ የነገረውም ከዓመታት በኋላ፣ በሸመገለበት ጊዜ፣ ለጠየቁት ጋዜጠኞች ነው። ሲነገርም እንደ ተራኪው ይለያያል፤ አንዱ ጋ ውርደቱ ይከፋል፣ ሌላው ጋ ትራክተሩ ይገንናል። ኤንዞ በ1988 ሞቷል፤ ሁለቱ ሲነጋገሩ አጠገባቸው ቆሞ የመዘገበ ሰው የለም። ታዲያ ውሸት ነው? አይመስለኝም። ፍሪሲዮኑ መበላቱን፣ በመኪናው መማረሩን እቀበላለሁ። ግን አንድ ትራክተር ነጋዴ በቁጣ ብቻ ፋብሪካ አይከፍትም። ፌሩቾ ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ሀብታሞች ለእነዚህ መኪናዎች ምን ያህል እንደሚከፍሉ ከራሱ ኪስ አይቶታል። ለትራክተሩም ስም ማስጠሪያ ይሆነው ነበር። የእልሁ ታሪክ ስለሚጣፍጥ ሒሳቡን ሁላችንም እንተወዋለን። የቅንጅት ሥራ የሚያስተምሩን መምህራን ይህን ቢያነቡ ደስ ይለኛል፤ ጥሩ ታሪክ ሲገኝ ሁለተኛ ምንጭ መፈለግ እንዴት እንደሚያስጠላ ምሳሌው ይኸው።

በ1963 ሳንታጋታ ቦሎኜዜ በምትባል ከተማ አዲስ ፋብሪካ ቆመ። ቦታዋ ከፌራሪም ከማዜራቲም ሠፈር ሩቅ አይደለችም፤ ሆን ብሎ ነው፣ ሙያተኛው ያለው እዚያ ነውና። ሞተሩን እንዲሠራ ጆቶ ቢዛሪኒን ያዘ፤ ይህ መሐንዲስ በ1961 ከሌሎች ጋር ሆኖ ከፌራሪ ፋብሪካ ጥሎ የወጣ ነው። የቀሩት ልጆች ነበሩ ማለት ይቻላል። ጃን ፓውሎ ዳላራና ፓውሎ ስታንዛኒ ሁለቱም የ1936 ልጆች ናቸው፤ ፋብሪካው ሲከፈት 27 ዓመታቸው። መኪናውን እየነዳ የሚፈትነው ቦብ ዋላስ ደግሞ ከኒውዚላንድ የመጣ ወጣት መካኒክ ነው። ሽማግሌው ኤንዞ ለወጣት የማይሰጠውን ዕድል ፌሩቾ ሰጠ። ስለ ላምቦርጊኒ ሲወራ ስለ ኮርማውና ስለ ቁጣው ብዙ ይባላል፤ እኔ ግን ሰውየው የተዋጣለት እዚህ ላይ ይመስለኛል።

የመጀመሪያዋ መኪና 350 ጂቲቪ በ1963 ለቱሪን ኤግዚቢሽን ቀረበች። ሞተሩ ግን ከኮፈኑ ሥር አልገባ አለ። እንደሚነገረው መኪናዋ ክብደት እንዲኖራትና ዝቅ ብላ እንድትቆም የሞተሩ ቦታ ሸክላ ጡብ ተጨመረበትና ኮፈኑ ተዘጋ። ጎብኚው በሙሉ ኮፈኑን ክፈቱልን ሲል ውሎ ሲያድር ምን እንዳሉት ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። በማግስቱ ዓመት፣ በ1964፣ ተስተካክላ 350 ጂቲ ሆና ጄኔቭ ላይ ወጣች፤ ባለ 12 ሲሊንደር ሞተር፣ ጸጥ ያለች፣ የሚመች ወንበር ያላት፣ ልክ ፌሩቾ ፈልጎ ያጣት ዓይነት። እስከ ዓመቱ መጨረሻ የተሠራችው ለ13 ደንበኞች ብቻ ነው፤ ዋጋዋ ከፌራሪ እንዳይበልጥ ሲል እያንዳንዷን በኪሳራ ሸጣት። ኪሳራውን የሚሸፍነው ማን ነው? ትራክተሩ።

ከዚያ ሚውራ መጣች። ነገሩን የጀመሩት ልጆቹ ናቸው። ሞተሩን ከሾፌሩ ኋላ፣ በአግድም የማስቀመጥ ሐሳብ አመጡ፤ የውድድር መኪና አሠራር ነው። ፌሩቾ የሚፈልገው የተመቸ የመንገድ መኪና ስለነበር ብዙም አልጣመውም፤ ልጆቹ ግን ከሥራ ሰዓት ውጭ ይዘውት ቀጠሉ። በ1965 ቱሪን ላይ ባዶ ሻንሲውን ብቻ አቀረቡ። አካል የሌለው መኪና! እንደዚያም ሆኖ ገዢ ቅድሚያ ክፍያ ይዞ መጣ። አካሉን የቤርቶኔ ቤት ነዳፊ ማርቼሎ ጋንዲኒ ነደፈውና በ1966 ጄኔቭ ላይ ታየች። ጋንዲኒም የ1938 ልጅ ነው፤ ቁጥሩን ለናንተ ትቻለሁ። ስሟ የስፔን የትግል ኮርማ ከሚያረባ ቤተሰብ የተወሰደ ነው። ፌራሪ ባለ 12 ሲሊንደር ሞተር ከሾፌሩ ጀርባ አድርጎ ለመንገድ ለመሸጥ እስከ 1973 ፈጀበት።

ሚውራን መጀመሪያ እገዛለሁ ለሚሉት ጓደኞቼ ግን መካኒኩን ወክዬ ሁለት ነገር ልንገራቸው። እስከ መጨረሻዎቹ ጥቂት መኪናዎች ድረስ ሞተሩና ካምቢዮው የሚጠጡት አንድ ዘይት ነው፤ ማርሹ ሲፈጭ የሚወጣው ብረት ወደ ሞተሩ ይሄዳል ማለት ነው። ካርቡራቶሮቹ ደግሞ ከሞተሩ በላይ ተደርድረዋል፤ ነዳጅ ካንጠባጠቡ እሳት ነው፣ ስንቷ ሚውራ እንደዚያ ሆና ቀርታለች። በጠቅላላ የተሠሩት ከ760 ጥቂት ቢበልጡ ነው፤ ዛሬ ዋጋቸው በሚሊዮን ዶላር ይቆጠራል። ከፌሩቾ ቤት መኪና ከተባለ በ1968 የወጣችው ኤስፓዳ ትሻላለች፤ አራት ሰው ታስቀምጣለች፣ ከሚውራ እጅግ ትረክሳለች፣ ቤተ ሰብ ይዞ ክፍለ ሀገር መሄድ ይቻላል። ነዳጁን ማን ይሞላል ካላችሁ ሌላ ጉዳይ ነው።

ወደ ሰውየው ልመለስ። ክፉው ጊዜ የመጣው ከመኪናው ሳይሆን ከትራክተሩ በኩል ነው። የትራክተር ፋብሪካው ከምርቱ ግማሽ ያህሉን ለውጭ አገር ይሸጥ ነበር። በሰባዎቹ መባቻ የደቡብ አፍሪካው አስመጪ ትዕዛዙን ሰረዘ። ቦሊቪያ ውስጥ መፈንቅለ መንግሥት ተደርጎ አዲሱ መንግሥት በብዛት የታዘዘውን ትራክተር አልቀበልም አለ፤ ገሚሱ ጄኖቫ ወደብ ለመጫን ተዘጋጅቶ ነበር። ሠራተኛው በማኅበር የተደራጀ ስለሆነ ማሰናበት አይቻልም። አንድ ሩቅ አገር የተደረገ መፈንቅለ መንግሥት ቼንቶ ያለን የትራክተር ፋብሪካ፣ ትራክተሩ ደግሞ ሳንታጋታ ያለችውን ሚውራ ይዞ ወረደ። ትራክተሩ ሳሜ ለተባለው ተፎካካሪው ተሸጠ። በ1972 ከመኪናው ፋብሪካ 51 በመቶውን ለአንድ ስዊዘርላንዳዊ ባለሀብት ሸጠ፤ በ1974 ደግሞ የቀረውን 49 በመቶ ለዚያ ሰው ጓደኛ። በመካከሉ የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ መጥቶ ባለ 12 ሲሊንደር መኪና መግዛት የሚያሳፍር ነገር ሆኗል።

በ1971 ለእይታ የቀረበችው ካውንታሽ፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ፖስተር ሁሉ የእሷ የሆነው፣ ለደንበኛ መሸጥ የጀመረችው በ1974 ነው። ፌሩቾ ጨርሶ የወጣበት ዓመት ማለት ነው። ዓለም ላምቦርጊኒ ሲል በሐሳቡ የሚመጣለትን መኪና በብዛት የሸጡት ሌሎች ሰዎች ናቸው። ፋብሪካው ከዚያ በኋላ በ1978 ከሠረ፣ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፣ በ1987 ለአሜሪካኑ ክራይስለር፣ በ1998 ለጀርመኑ አውዲ ተሸጠ። ስሙ ብቻ የሬናዞ ገበሬ ልጅ ስም እንደሆነ ቀረ።

እሱ ግን ሲወጣ ያለቀሰ አይመስልም። በኡምብሪያ፣ ትራዚሜኖ ከሚባለው ሐይቅ አጠገብ፣ ፓኒካሌ በምትባል ቦታ መሬት ገዛና ወይን ተከለ፤ የወላጆቹ ሥራ። ከጠመቃቸው ወይኖች አንዱን የሚውራ ደም ብሎ ሰየመው። እንግዳ ሲመጣ መኪናዎቹንም ትራክተሮቹንም እያዞረ ያሳይ ነበር። የፍሪሲዮኑን ታሪክ የሚጠይቁት ጋዜጠኞች የሚመጡት እዚያ ድረስ ነው፤ እሱም ይነግራቸዋል።

ፌሩቾ ላምቦርጊኒ በ76 ዓመቱ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1993 ፔሩጃ ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። የልብ ሕመም ይዞት ወደ ሁለት ሳምንት ያህል ተኝቶ ነበር። ልጁ በኋላ በስሙ ሙዚየም ከፈተለት፤ ከሚውራዋ ጋር ከጦር ትርፍራፊ የተገጣጠመው ካሪዮካም እዚያው ቆሟል።